ፖርሽ ጂቲ3፣ ኮርቬት ዜድ06፣ ቢኤምደብሊው ኤም2 ወይስ ሀዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን፦ ትራክ ላይ የቱ ላንተ ይሆናል?

ዱባይም ቨርጂኒያም ጀርመንም ያላችሁ ያገሬ ልጆች ሰሞኑን በቴሌግራም ምትጠይቁኝ ነገር አንድ ሆኗል፣ ብር ተቆጥቧል፣ ስፖርት መኪና ሊገዛ ነው፣ በእረፍት ቀን ትራክ ላይ (የመኪና መወዳደሪያ መንገድ ላይ ማለቴ ነው) ሊነዳ ነው፣ እና የቱ ይሻላል ነው ጥያቄው። እኔ አሁን ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ከዛ በፊት ግን ዱባይ ጋራዥ ውስጥ ትራክ ሚወጡ መኪኖችን ጎማና ፍሬን ስሠራ ነው የኖርኩት፣ ስለዚ ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚ በደንብ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት። ረዘም ይላል ግን ብራችሁ ነው፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ የፈረስ ጉልበት ሚባለውን ቁጥር ለጊዜው ተዉት። ጀርመን ያለው ኑርበርግሪንግ፣ ኖርድሽላይፈ ሚሉት፣ አንዱ ዙር 20.832 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ70 በላይ ኩርባ አለው፣ ከ1927 ጀምሮ መኪና ሚፈተንበት ቦታ ነው። እዛ ላይ በፈረንጆቹ 2025 አዲሱ ፖርሽ 911 ጂቲ3 በማንዋል ማርሽ 6 ደቂቃ ከ56.294 ሰከንድ ገባ። በዛው አመት ኮርቬት ዜድ06 7 ደቂቃ ከ11.826 ሰከንድ ገባ። አሁን ጂቲ3 502 ፈረስ ነው፣ ዜድ06 670 ፈረስ ነው። እሺ፣ ፖርሹን የነዳው የለየለት ተወዳዳሪ ነው፣ ኮርቬቱን የነዳው ደሞ የፋብሪካው መሐንዲስ ነው፣ ስለዚ 15 ሰከንዱን በሙሉ ለመኪናው መስጠት አይገባም፣ ግን ያ ሁሉ ትርፍ ፈረስ ይዞ ከኋላ መቅረቱ ራሱ ይናገራል። ትራክ ላይ ሰዓት ሚገኘው ፍሬን ስትይዙ፣ ስትታጠፉና ከኩርባ ስትወጡ ነው፣ ቀጥታው ላይ ነዳጅ መርገጥማ ማንም ይችላል።

ወሳኙ ነገር ክብደቱ የት ላይ ነው የተቀመጠው ሚለው ነው። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት አይሱዙ ሚነዳ ሰው ጠይቁ፣ ጭነቱ ከኋላ ጎማ አልፎ ወደ ውጪ ከተቆለለ መሪው ይቀላል፣ ፊቱ መሬት በደንብ አይይዝም፣ ኩርባ ላይ ኋላው ወደ ውጪ መጎተት ይጀምራል፣ ያንኑ ጭነት ያንኑ ኪሎ ወደ መሀል ስታመጣው ደሞ ሌላ መኪና ይሆናል። ጂቲ3ና ዜድ06ን ሚዛን ላይ ብታወጧቸው ሁለቱም ከክብደታቸው 60 ከመቶ ገደማው ኋላ ጎማ ላይ ነው ሚያርፈው። ቁጥሩ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ትራክ ላይ ግን ፈጽሞ አይገናኙም፣ ምክንያቱም የጂቲ3 ሞተር ከኋላው አክስል (ሁለቱ የኋላ ጎማ ካሉበት መስመር) አልፎ ነው የተቀመጠው፣ የዜድ06 ሞተር ደሞ ከሹፌሩ ጀርባ፣ ከኋላው አክስል በፊት ነው። ከመሀል የራቀ ክብደት መኪናው መዞር እንዲጀምር ያስቸግራል፣ አንዴ መዞር ከጀመረ ደሞ ማስቆሙ ያስቸግራል፣ መሀል የተሰበሰበ ክብደት ቶሎ ይዞራል፣ ሲያመልጥም ቶሎ ነው ሚያመልጠው። ቀጥሎ ምለው ሁሉ ከዚ የሚመጣ ነው፣ ስለዚ ይቺን ያዙልኝ።

ጂቲ3 ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችሁ ምትፈልጉት እሱን ነው፣ በደንብ ሳይገባችሁ ምትገዙትም እሱን ነው። 4 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር ሚያስገባ መሳሪያ) የለውም፣ ሞተሩ በደቂቃ እስከ 9000 ዙር ይሽከረከራል፣ ክብደቱ ከ1420 ኪሎ ነው ሚጀምረው፣ በፊትና በኋላ ጎማ መሀል ያለው ርቀት ደሞ 2457 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ አጭር ነው። ከ2021 ሞዴል ጀምሮ የፊት እግሩን (የፊት ጎማውን ሚይዘውን ክፍል) ለውጠውታል፣ ድሮ በአንድ ክንድ የነበረውን እንደ ውድድር መኪና በላይና በታች ሁለት ክንድ አደረጉት፣ ለመንገድ በሚሸጥ 911 ላይ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ውጤቱ ምንድነው፣ ኩርባ ውስጥ መኪናው ሲያዘነብል የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ መሬቱን ይይዛል፣ የድሮ 911 ላይ ሚወራው "ፊቱ ይቀላል፣ አልታጠፍም ይላል" ሚባለው ነገር በጣም ቀንሷል። በ2024 መጨረሻ የወጣው ደሞ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው እንዳይደፋ የፊት እግሩን እንደገና አስተካክለውታል፣ የዲፈረንሻሉንም (ጉልበቱን ለኋላ ጎማ ሚያካፍለውን) የጥርስ ምጣኔ በ8 ከመቶ አሳጥረውታል፣ ስለዚ ከኩርባ ሲወጣ ይነሳል።

አነዳዱ እንዲህ ነው። ፍሬኑን ቀጥታ ላይ እያላችሁ በደንብ ርገጡት፣ አትፍሩ፣ ሌላ መኪና ላይ ፍሬን ሲያዝ ኋላው ይቀልና መወዛወዝ ይመጣል፣ እዚ ግን ሞተሩ ኋላውን ስለተጫነው አራቱም ጎማ ይሠራል፣ ጋራዥ ውስጥ ከትራክ የተመለሰ 911 ፈታችሁ ብታዩ የኋላውም የፍሬን ሸራ በደንብ ተበልቶ ነው ምታገኙት። ከዛ ወደ ኩርባው ስትገቡ ፍሬኑን በአንዴ አትልቀቁት፣ መሪው እየጨመረ በሄደ ቁጥር እግራችሁ እየቀነሰ ይምጣ፣ ምክንያቱም ያቺ ትንሽ ፍሬን ናት ክብደቱን ፊት ጎማ ላይ አስቀምጣ ምታዞራችሁ። ከዛ ጠብቁ። አፍንጫው ወደ ውስጥ ሲገባ ነዳጅ ስጡት፣ ሌላ መኪና ላይ ገና ነው በምትሉበት ሰዓት ስጡት፣ ኋላው መሬቱን ይነክስና ተወርውሮ ይወጣል፣ የጂቲ3 ሰዓት ያለው እዚች ጋ ነው።

የማይደረገው ደሞ አንድ ነው፣ ኩርባ መሀል ፈርቶ ነዳጅ ድንገት መልቀቅ። እኛ ሁላችንም ስንፈራ ነዳጅ እንለቃለን፣ መደበኛ መኪና ላይ ያድናል። እዚ ላይ ግን ስትለቁት ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል፣ ያ ጫፍ ላይ ያለው ሞተር ደሞ መወርወር ይጀምራል። በርግጥ መቆጣጠሪያው ኤሌክትሮኒክስ ይደርስላችኋል፣ በጣም ጎበዝም ነው፣ ስለዚ በመጀመሪያዎቹ ወራት የማጥፊያውን ቁልፍ እንዳትነኩት፣ ማንም ምንም ቢላችሁ። ማርሹ ባለ 7 አውቶማቲክ ወይ ባለ 6 ማንዋል ነው፣ ለሰዓት ከሆነ አውቶማቲኩ፣ ለደስታ ከሆነ ማንዋሉ፣ እኔ ብሆን ማንዋሉን ነው ምወስደው ግን እጃችሁ መሪ ላይ እንዲያርፍ ከፈለጋችሁ ለጀማሪ አውቶማቲኩ ይቀላል።

ኮርቬት ዜድ06 ሌላ ፍጥረት ነው። ኮርቬት ሞተሩን ለመንገድ ወደሚሸጠው መኪና መሀል ያመጣው በ2020 ሞዴል ነው፣ ዜድ06 ደሞ በ2023 ሞዴል መጣ፣ 5.5 ሊትር ቪ8 (ባለ 8 ሲሊንደር)፣ እሱም ቱርቦ የለውም፣ 8600 ዙር ድረስ ይጮሃል፣ ድምጹ የአሜሪካ ቪ8 ሳይሆን የጣልያን መኪና ነው ሚመስለው። ማንዋል የለውም፣ ባለ 8 አውቶማቲክ ብቻ ነው። የኋላ ጎማው ስፋት 345 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጂቲ3 315 ነው። መሪውን ገና ስታስቡት አፍንጫው ገብቷል፣ ሹፌሩ ወደ ፊት ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ኩርባው ከእግራችሁ ስር ሚጀምር ነው ሚመስለው፣ እና እንደ ጂቲ3 "ጠብቅ፣ ፍሬን አቆይ" ሚባል ጥበብ ብዙም አይጠይቅም፣ ትዞራላችሁ ይዞራል። ለዚ ነው ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከጂቲ3 ይልቅ ዜድ06 ላይ ፈጣን ሚሆነው።

ችግሩ ያለው ጫፉ ላይ ነው። ጎማው ሰፊ ስለሆነ ብዙ ይይዛል፣ ሲለቅ ግን ክብደቱ መሀል ስለተሰበሰበ ቶሎ ነው ሚዞረው፣ እጃችሁ እስኪደርስ አይጠብቅም። 670 ፈረስ ኋላ ጎማ ላይ ብቻ እንደሆነም አትርሱ፣ ከኩርባ ስትወጡ መሪው ገና ሳይቀና ነዳጁን ሙሉ መስጠት አይሆንም። መቆጣጠሪያው ደረጃ በደረጃ ሚቀነስ ነው፣ ፒቲኤም ይሉታል፣ ከታች ጀምራችሁ ውጡ። ሌላው ስፋቱ ነው፣ 2025 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጠባብ ትራክ ላይ መስመር ለመምረጥ ቦታ ያሳጣል፣ ደረቅ ክብደቱም 1560 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ከጂቲ3 ይከብዳል። ዜድ07 ሚባል ጥቅል አለ፣ የካርቦን ሴራሚክ ፍሬን፣ ትልቅ ክንፍ፣ ጠንካራ ሞላ፣ ለትራክ የተሠራ ጎማ፣ ትራክ ብቻ ከሆነ ግዙት፣ በመንገድ ላይ ሚስታችሁን ይዛችሁ ምትሄዱበት ከሆነ ግን ተዉት፣ ወገብ ነው ሚያናውጠው። ዋጋውን ካነሳን ዜድ06 ሲወጣ ከ106 ሺ ዶላር ገደማ ነበር ሚጀምረው፣ አዲሱ ጂቲ3 ደሞ አሜሪካ ላይ ሲወጣ ከ222,500 ዶላር ነበር ሚጀምረው፣ ያውም ፋብሪካው በሚፈልገው ሰዓት። በግማሽ ዋጋ ይሄን መኪና ማግኘት ቀልድ አይደለም።

ቢኤምደብሊው ኤም2ን ሰዎች ከነዚ ጋ አታወዳድረው ይሉኛል፣ እኔ ግን አወዳድረዋለሁ፣ ምክንያቱም ለብዙዎቻችሁ ትክክለኛው መልስ እሱ ነው። ሞተሩ ፊት ነው፣ 3 ሊትር ባለሁለት ቱርቦ፣ ሲወጣ 453 ፈረስ ነበር አሁን 473 ሆኗል፣ ማንዋልም አለው፣ ኋላ ጎማ ነው ሚነዳው፣ ክብደቱ 1700 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ከባድ ነው። ኖርድሽላይፈን በ7 ደቂቃ ከ38.706 ነው የዞረው፣ ከጂቲ3 ጋ 42 ሰከንድ ይራራቃሉ። ግን ሲንሸራተት ቀስ ብሎ ነው፣ አስቀድሞ ይነግራችኋል፣ በመሪው በመቀመጫው "እየሄድኩ ነው" ይላችኋል፣ እናንተም ለማረም ጊዜ አላችሁ። መንሸራተት መቆጣጠሪያው 10 ደረጃ አለው፣ ስለዚ ችሎታችሁ ባደገ ቁጥር አንድ አንድ እየቀነሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ ለመማር ከዚ የተሻለ አሰራር አላየሁም። ልጆች ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ሲወጣ 62 ሺ ዶላር ገደማ ነበር። ድክመቱ ክብደቱ ነው፣ ረጅም ዙር ከዞራችሁ የፊት ጎማው ጠርዝ ይበላል፣ ፍሬኑም ይግላል፣ ጥቂት ዙር ዞሮ አንድ ዙር ማቀዝቀዝ ነው።

(ከዚ በታች ገንዘብ ያለው ሰው ቶዮታ ጂአር86 ይይ፣ 228 ፈረስ፣ 1270 ኪሎ ገደማ፣ ቀላል ስለሆነ ጎማና ፍሬን አይጨርስም፣ ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።)

አሁን ወደ ሀገር ቤት ጉዳይ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሁለት ሶስት ሰው "ገዝቼ ደብረ ብርሃን ባመጣውስ" ብሎኛል። አንደኛ፣ በነዳጅ ሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በፈረንጆቹ 2024 ተከልክሏል፣ ሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ሁለተኛ፣ የፊዚክስ ጉዳይ አለ። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ እዚ አየሩ ከባህር ጠለል ጋ ሲወዳደር በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ስለዚ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በሩብ ያህል ይቀንሳል። የጂቲ3 502 ፈረስ እዚ ሲደርስ 380 አካባቢ ነው ማለት ነው፣ ዜድ06ም እንደዛው 500 ይሆናል። ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ሚወርድ ሹፌር ይሄን ያውቀዋል፣ ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ደክሞ የነበረው ሞተር 1300 ሜትር ሲደርስ ነፍስ ይዘራል። ያ ብቻም አይደለም፣ ክንፉ መኪናውን ወደ መሬት ሚጫነው በአየር ስለሆነ እሱም በሩብ ይቀንሳል፣ ፍሬኑን ሚያቀዘቅዘው አየርም ይሳሳል። ሜክሲኮ ሲቲ ያለው የፎርሙላ 1 ትራክ 2200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እዛ ቡድኖቹ ኩርባ እንደሚበዛበት የሞናኮ ትራክ ትልቅ ክንፍ ገጥመው ሚያገኙት ጫና ቀጥታ እንደሚበዛበት የሞንዛ ትራክ ትንሽ ነው፣ እኛ ደሞ ከነሱም 600 ሜትር እንበልጣለን። ቱርቦ ያለው ኤም2 አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙ አይጎዳም።

የኤሌክትሪኩ ጉልበት ደሞ ጭራሽ አይቀንስም፣ አየር አይተነፍስማ። ለዚ ነው ሀዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤንን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሁት። ሁለት ሞተር፣ አራቱም ጎማ ይነዳል፣ ሙሉ ሲለቀቅ 641 ፈረስ፣ 84 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ፣ 2.2 ቶን ገደማ ክብደት። 2.2 ቶን! በፊትና በኋላ ጎማ መሀል ደሞ 3 ሜትር ነው፣ ጂቲ3 ከሱ ከግማሽ ሜትር በላይ ያጥራል። በወረቀት ስታዩት ትራክ ላይ ሚሆን አይመስልም። ግን ባትሪው ወለሉ ላይ ስለሆነ ክብደቱ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ ብዙም አያዘነብልም፣ ለፊትና ለኋላ ምን ያህል ኃይል እንደሚሄድ በ11 ደረጃ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ ፍሬን ስትይዙ ደሞ ሞተሩ ራሱ እስከ 0.6 ጂ (የመሬት ስበት 60 ከመቶ) ድረስ ስለሚይዝ ሸራው ያርፋል። የውሸት ማርሽና የውሸት ድምጽ አለው፣ ሰው ይስቅበታል፣ እኔ ግን ትራክ ላይ ጠቃሚ ነው እላለሁ፣ ፍጥነታችሁን በጆሮ ለማወቅ ያግዛል፣ አይናችሁ ኩርባው ላይ ይቆያል። ሲሠራም ኃይሉ ብዙ ሳይቀንስ ሁለት ዙር ኖርድሽላይፈ እንዲዞር ታስቦ ነው። ክብደቱ ግን ክብደት ነው፣ ጎማ ይጨርሳል፣ ባትሪው ሲግል ማቆም አለ፣ ቻርጅ ሌላ ወረፋ ነው፣ ኩርባ ውስጥ በጣም ፈጥናችሁ ከገባችሁ ደሞ አፍንጫው ወደ ውጪ ይሄዳል፣ 2.2 ቶን በልመና አይመለስም።

እና እባካችሁ፣ ይሄን ያነበበ ሰው ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ያለውን መንገድ ትራክ ነው ብሎ እንዳያስብ። ጉም አለ፣ ከነተሳቢው ሚወርድ መኪና አለ፣ በግ ይሻገራል፣ ገደል ነው። ትራክ ማለት ስትስቱ ምትቆሙበት ሜዳ ያለው ማለት ነው።

ስለ ፍሬን ካነሳሁ አይቀር፣ ያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የወረደ ሰው የሸራ ሽታውን ያውቀዋል፣ ፔዳሉ ሲላላ ምን እንደሚሰማም ያውቃል። ትራክም ላይ ያው ነው፣ ልዩነቱ በጥቂት ዙር መምጣቱ ነው። የፍሬን ዘይት ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። የትኛውንም መኪና ግዙ፣ ትራክ ከመውጣታችሁ በፊት ዘይቱን ከፍተኛ ሙቀት ሚችል ቀይሩ፣ ይሄ በጣም ርካሹና በጣም ጠቃሚው ነገር ነው። የጎማ አየር ደሞ በብርዱ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ሲሞቅ ራሱ ይጨምራል፣ ከትራክ እንደወጣችሁ በትኩሱ ለኩት። የሴራሚክ ፍሬን ያማረ ነገር ነው፣ ቀላል ነው፣ አይደክምም፣ ዲስኩ ሲያልቅ ግን ዋጋው ያስለቅሳል፣ አዘውትሮ ሚወጣ ሰው የብረቱን ዲስክ ይግዛ ባይ ነኝ። ጂቲ3 ምትገዙ ሌላ ነገር፣ ጎማው በአንድ ትልቅ ብሎን ነው ሚታሰረው፣ 600 ኒውተን ሜትር ነው ሚጠብቀው፣ በተራ ቁልፍ አይሆንም፣ ትራክ ላይ ጎማ ለመቀየር ካሰባችሁ መሳሪያውን አብራችሁ አስቡ። ዜድ06 በአምስት ብሎን ነው፣ የትም ይፈታል።

እንግዲ ምርጫው። ትራክ ወጥተህ ማታውቅ ከሆነ፣ መኪናውም ወደ ሥራ ሚወስድህ ከሆነ፣ ኤም2 በማንዋል፣ ሌላ አትይ። ትራክ የለመደ እጅ ካለህ፣ ፈጣን መሆን ከፈለግክ፣ ጂቲ3 ላይ ምታወጣው ብር ከሌለህ ወይ ለጎማና ለትምህርት ማዋል ከፈለግክ ዜድ06፣ ያለ ዜድ07 ጀምር። አንድ መኪና ይዘህ ለአመታት መማር ምትፈልግ፣ በየጊዜው የፍሬን አለቃቀቅህን ማሻሻል ሚያስደስትህ ሰው ከሆንክ ጂቲ3 ነው፣ በዚ ላይ ዋጋውንም በደንብ ይይዛል። ወደ ሀገር ሚገባ ከሆነ አዮኒክ፣ ግን ለትራክ ብለህ ሳይሆን ለደብረ ብርሃን አየር ብለህ።

ከመክፈላችሁ በፊት ትራክ ላይ ተከራይታችሁ ሞክሩ፣ ዱባይ ያላችሁ ዱባይ አውቶድሮም ወይ አቡ ዳቢ ያስ ማሪና ቅርብ ነው፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ያላችሁ ሰሚት ፖይንት አለላችሁ፣ ለጀማሪ አስተማሪ አጠገብ ሚቀመጥበትን ቀን ምረጡ። መድን ድርጅታችሁንም ጠይቁ፣ አብዛኛው ትራክ ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም፣ ለቀኑ ብቻ ሚገዛ ሽፋን አለ። ስትሞክሩት ደሞ ፍጥነት አትፈልጉ፣ አንድ መካከለኛ ኩርባ ምረጡና ደጋግማችሁ ግቡበት፣ አንዴ ፍሬኑን ቀድማችሁ ለቃችሁ፣ አንዴ እየቀነሳችሁ እስከ ኩርባው ይዛችሁ፣ አንዴ ነዳጁን ቀደም አድርጋችሁ፣ እና መኪናው በሶስቱም ምን እንዳደረገ ለአስተማሪው ንገሩት፣ እሱ ካየው ጋ ከገጠመ መኪናው እያናገራችሁ ነውና ያን ግዙት።